ጋሽ ማርቆስና የሰው ሰዓት

ጋሽ ማርቆስ መሞቱን የነገረኝ መርካቶ ውስጥ ድንገት ያገኘሁት የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ሰላምታችንን ሳንጨርስ «ቲቸር፣ ዳቦ ጋጋሪው ማርቆስ አረፉ እኮ» አለኝ። ስለ ጂንካ አስፋልትና ስለ ቤት ኪራይ መወደድ ሲያወራኝ በነበረበት ድምፅ ነው የተናገረው። እኔም «ነፍሱን ይማር» ብዬ ተሰናበትኩት። ጥቂት እንደሄድኩ ግን አንድ ጫማ ሱቅ ደረጃ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለሱቁ ደንግጦ ውሃ አመጣልኝ፤ ሰው ሞቶብኝ ነው አልኩት። «ዘመድ ነው?» አለኝ። ውሃውን ጠጥቼ ብርጭቆውን መለስኩለት።

ዘመዴ አልነበረም። አከራዬ ነበር። ለእኔ ግን በዚያ ዕድሜዬ እንደሱ ያለ ሰው ቀድሞም አላየሁ፣ በኋላም አልገጠመኝም።

ስለሱ ለማውራት ከሰዓቷ መጀመር ግድ ነው። የወንድሜ ልጅ በቅርቡ ስልኩ ላይ አንድ የእጅ ሰዓት አሳየኝ። በጎኗ ያለችውን ትንሽ ማንሸራተቻ ሲገፏት ትደውላለች። መጀመሪያ በወፍራም ድምፅ ሰዓቱን ትቆጥራለች፤ ቀጥላ ወፍራምና ቀጭን እያቀላቀለች ሩቡን፤ በመጨረሻ በቀጭን ድምፅ ደቂቃውን። ባትሪ የሚባል የለባትም፤ ያ ሁሉ ነገር በጥቃቅን ጥርሶችና በመዶሻ ነው፤ መዶሻዋም ለዓይን አትሞላም። «ጋሼ፣ ይቺን መሥራት የሚችሉ ሰዎች በዓለም ላይ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ መግዛት የሚችሉትም እንደዚያው» አለኝ። «አውቃታለሁ፤ ጂንካ ነበረች» ስለው ከወንበሩ እስኪወድቅ ሳቀ። የዘንድሮ ልጅ ደቡብ ኦሞ ሲባል የሚታየው የከንፈር ሸክላ ብቻ ነው። ግን አልፈርድበትም፤ እኔም በወጣትነቴ ምደባ ሲደርሰኝ ካርታ ላይ ፈልጌ ያገኘሁት አገር ነው።

ጂንካ የወረድኩት ደርግ ሥልጣን ከያዘ ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በእንግሊዝኛ አስተማሪነት ነው። የተከራየሁት ክፍል ከአውሮፕላን ሜዳው ዳር፣ ከአንድ ዳቦ ቤት ጀርባ ነበር። ሜዳው ያኔ ሣር ነው፤ ከከተማው መሀል ተዘርግቶ ሌላ ጊዜ ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ዘበኛው ፊሽካ እየነፋ ላሞቹን ያባርራል። ጋሽ ማርቆስን መጀመሪያ ያየሁት እዚያ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሰው፤ እጁ እስከ ክርኑ ዱቄት የለበሰ፤ የሸሚዙን የደረት ኪስ በመዳፉ ሸፍኖ ከአውሮፕላኑ የሚወርዱትን ሰዎች ፊት አንድ በአንድ ያያል። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ ዳቦው ተመለሰ።

«ማንን ነው የሚጠብቀው?» ብዬ አጠገቤ የቆመውን ሰው ጠየቅሁ።

«ፈረንጁን» አለኝ ሰውዬው እየሳቀ። «ሰዓቱን ሊመልስለት።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ጋሽ ማርቆስ የአሪ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፤ ከተራራው መንደር ወርዶ ከፈረንጅ አዳኞች ጋር መሥራት የጀመረው ገና በጉርምስናው ነበር። መጀመሪያ ውሃ ቀጂ፣ በኋላ ወጥ ቤት ሆነ። ከሚያበስልላቸው ፈረንጆች ሁሉ የሚወደው ሚስተር ዋልተር የሚሉትን ነበር። በየዓመቱ እየመጣ ወደ ኦሞ ቆላ ይወርዳል። ማታ ማታ ካምፑ ውስጥ እጁን ዘርግቶ ያቺን ሰዓት ያስደውልላቸዋል፤ ተሸካሚዎቹ ይስቃሉ፣ እሱም አብሯቸው ይስቃል። አብዮቱ በፈነዳበት ዓመት እንደልማዱ መጣ። ጋሽ ማርቆስ ግን ወባ ጥሎት አልጋ ላይ ነበርና አብሮ መውረድ አልቻለም። ሚስተር ዋልተር ኦሞን በጀልባ የሚሻገርበት ጉዞ ነበር፤ ሰዓቷ ደግሞ ውሃ ከነካት አለቀላት። ከእጁ ፈታና በሽተኛው አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ «ማርቆስ፣ ከኦሞራቴ ስመለስ እወስዳታለሁ። ጠዋት ጠዋት ሙላት» አለው።

አልተመለሰም። አዳኞች አገር ለቀው ይውጡ ተባለ። በኦሞራቴ በኩል ወደ ኬንያ ወጣ የሚል ወሬ መጣ፤ ከዚያ በኋላ ወሬም አልመጣ። ጋሽ ማርቆስ ከወባው ተነሥቶ ዳቦ ቤቱን ከፈተና መጠበቅ ጀመረ።

ጠዋት ጠዋት ሲሞላት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሊጡን ከመንካቱ በፊት እጁን እስከ ክርኑ ይታጠባል፣ በንጹሕ ጨርቅ ያደርቃል፤ ከዚያ ከአልጋው ሥር አንድ አሮጌ የጥይት ሳጥን ይጎትታል። ሰዓቷን ከጥቅልሏ አውጥቶ ቁልፏን በሁለት ጣት ቀስ እያለ ያዞራል፤ ስትሞላ መልሶ ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ ያስገባታል፤ አውሮፕላን ሲመጣ ብቻ በደረት ኪሱ ይዟት ይወጣል። የሬዲዮው ሰዓት ሲደወል ወደ ኋላ ቀርታ እንደሆነ እኔ አስተካክልለታለሁ፤ ይህም ከመጠበቅ ይቆጠራል ብሎ ፈቅዶልኛል። እጁ ላይ አድርጓት ግን አያውቅም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ይላል። ማንሸራተቻዋን ገፍቶ አስደውሏትም አያውቅም።

«ለምን?» አልኩት አንድ ቀን።

«ሙላት አለኝ እንጂ ስማት አላለኝም» አለኝ፤ ፊቱ ላይ ቀልድ የለም።

ያ ሳጥን የሰዓቷ ብቻ አልነበረም። ጂንካ ውስጥ መንገድ የሚሄድ ሰው ቁልፉን ለጋሽ ማርቆስ ነው የሚሰጠው። ለዘመቻ የሚወስዷቸው ልጆች ሬዲዮናቸውን፣ ፎቶግራፋቸውን እሱ ጋ ያኖራሉ። ሴቶች ባላቸው የማያውቀውን ጥሪት በመሐረብ ቋጥረው ያስቀምጣሉ። የማንንም ከፍቶ አያይም። ሲሰጡት አንድ ነገር ብቻ ይላል፦ «የራስህ ዕቃ ቢጠፋ የጠፋው ዕቃው ነው። የሰው ዕቃ ቢጠፋ የጠፋኸው አንተ ነህ።» 

ከተማው ያከብረው ነበር፣ ይስቅበትም ነበር፤ ሁለቱ አንድ ላይ ይሄዳሉ። አውሮፕላን በመጣ ቁጥር «ማርቆስ፣ ፈረንጅህ ወረደ?» የሚል አይጠፋም። እሱም ቀልድ ያውቃል። አንዴ ነጋዴው ጎረቤታችን «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» ብሎ ሲያሾፍበት፣ «ሰማይማ ለእናንተ ነው ሩቅ። እኛ ደጅ በየሳምንቱ አንድ ነገር ይወርዳል» ብሎ አሳቀን።

አንድ ቀን ግን ነገሩ ከቀልድ አለፈ። እኔ ለመሠረተ ትምህርት ስብሰባ ቀበሌ ተቀምጬ ሳለሁ ጋሽ ማርቆስን በዘበኛ አስጠርተው አመጡት። ሊቀመንበሩ ወጣት ነው፤ ሽጉጡን ጠረጴዛ ላይ አኑሮ ማውራት ይወዳል።

«ጓድ ማርቆስ፣ የኢምፔሪያሊስት ንብረት ደብቀሃል ይባላል።»

«አልደበቅሁም፣ አስቀምጫለሁ።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የደበቀ ሰው ሲጠየቅ ይዋሻል» አለ ጋሽ ማርቆስ።

አምጣ አሉት። ሄዶ ሰዓቷን ብቻ ሳይሆን ሳጥኑን ሙሉ ተሸክሞ መጣና ጠረጴዛው ላይ፣ ከሽጉጡ አጠገብ አስቀመጠው። «እዚህ ያለው ሁሉ የሰው ነው። የማን ወዳጅ የማን ጠላት እንደሆነ እኔ መለየት አልችልም። የምትወስዱ ከሆነ ሁሉንም ውሰዱ» አለ።  በዚያ ዘመን ሰው ከዚህ ባነሰ ነገር ገብቶ ሳይወጣ ቀርቷል።

ሊቀመንበሩ ሰዓቷን አገላብጦ ሲያይ ጣቱ ማንሸራተቻዋን ገፋት መሰለኝ፣ ቢሮው ውስጥ ያ ድምፅ ተሰማ። ሁላችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። ቀስ ያለ፣ ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ድምፅ ነው። ዘወር ስል ጋሽ ማርቆስ ነጎድጓድ እንደሚፈራ ልጅ ሁለት ጆሮውን በመዳፎቹ ደፍኖ ቆሟል።

«ምን ሆነሃል?» አለው ሊቀመንበሩ።

«ያልተፈቀደልኝን አልሰማም። ሲያበቃ ንገሩኝ» አለ ጮክ ብሎ።

ዘበኛው ሳይቀር ሳቀ። ሊቀመንበሩም እየሳቀ ሳጥኑን መፈተሽ ቀጠለ። ቁልፎች አወጣ፣ አንድ ሬዲዮ አወጣ፤ ከዚያ አንድ ቀይ አበባ ያለበት ቋጠሮ መሐረብ እጁ ላይ ሲደርስ ሳቁ ተቋረጠ። መሐረቡን አወቀው። እሱው ራሱ ለሚስቱ ከአርባ ምንጭ ያመጣላት ነበር፤ በበዓል አስራው ሁላችንም አይተናታል። ቀና ብሎ ጋሽ ማርቆስን አየው። ጋሽ ማርቆስ ጆሮውን እንደደፈነ ጣሪያ ጣሪያ ያያል። ሊቀመንበሩ ቋጠሮውን ሳይፈታ መልሶ አስቀመጠው፣ ሰዓቷንም ላዩ ላይ አኖረና ክዳኑን ገጠመ። «ተሸከምና ሂድ። ባለቤቱ ሲመጣ ግን ለቀበሌው ታስታውቃለህ» አለው። በዚያ መሐረብ ውስጥ ምን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጋሽ ማርቆስም አያውቅም፤ ይህን በመሐላ ማረጋገጥ እችላለሁ።

ዓይኑ መድከም የጀመረው ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ነው። መጀመሪያ ጎን ለጎን ያለውን ማየት ተሳነው፤ በር መቃን ይመታዋል፣ ሰው ሰላም ሲለው ድምፁን ነው የሚፈልገው። አርባ ምንጭ ሄዶ ተመረመረ። የዓይን ግፊት ነው፣ የጠፋው አይመለስም አሉት። ሲመለስ የነገረኝ እንደ ዝናብ ወሬ ነው፤ እኔ ግን ክፍሌ ገብቼ በሬን ዘጋሁና አለቀስኩ። ልጁ ሩት ዳቦ ቤቱ ውስጥ ታግዘው ጀመረች። እሱ ሊጡን በእጁ፣ ምድጃውን በአፍንጫው ያውቃል፤ ድሮ በጥላ ይለየው የነበረውን ሰዓት ግን ማወቅ አልቻለም። ዳቦው አንዴ ያርራል፣ አንዴ ሊጥ ሆኖ ይወጣል። ደጁ ላይ ቆሞ የሚያልፈውን ሁሉ «ስንት ሰዓት ነው?» ይላል። ሰው ደግሞ፣ ታውቁት የለም፣ እውነቱን የሚነግርም አለ፣ በግምት የሚናገርም አለ፣ ሊቀልድበት የሚዋሽም አለ። ጸሎት ቤት ሁለት ጊዜ ጉባኤው ከተበተነ በኋላ ደረሰ።

እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ግን የሜዳው ነገር ነው። አንድ ዋልጌ «ጋሽ ማርቆስ፣ አውሮፕላኑ አርፏል እኮ፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ይታየኛል» አለው። ክንፍ አውጥቶ ወጣ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመጣ ሜዳው መሀል አገኘሁት። አውሮፕላን የለም፤ ላሞች በዙሪያው ይግጣሉ። እሱ የደረት ኪሱን በመዳፉ ይዞ «ሚስተር ዋልተር፣ ሚስተር ዋልተር» ይላል፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ እየዞረ። እጁን ይዤ ወደ ቤት መለስኩት። ያን ቀን ያ ልጅ እጄ ቢገባ ኖሮ አስተማሪነቴ ይቀር ነበር።

ቤት እንደገባን ቁጣዬን እሱ ላይ ተወጣሁት። «ኪስህ ውስጥ እኮ ያለው ዓይን ነው! ማንሸራተቻዋን ገፋ ብታደርጋት ትነግርሃለች። በሰው አፍ መጫወቻ የምትሆነው ለምንድን ነው?»

«መምህሬ፣ ጆሮው የኔ ነው። ድምፁ ግን የሱ ነው» አለኝ።

ብዙ ለመንኩት። መጽሐፍ ጠቀስኩለት፣ እሱ ይበልጥ ጠቀሰልኝ። ሩትም ለመነችው፣ የጸሎት ቤቱ ሽማግሌም መጥቶ ለመነው። አሻፈረኝ አለ። የተሰጠኝ ጠብቅ ተብዬ ነው፣ ዓይኔ ስለጠፋ የሰው ነገር የኔ አይሆንም ይላል።  የተማርኩት ሁሉ እዚያ ላይ አለቀ።

መልሱን ያመጣው ኦይታ ነው። ኦይታ ከቀይ አፈር ከተማ ወዲያ የሚኖር የበና ብሔረሰብ ሰው ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ ማርና ቅቤ ይዞ ለገበያ ይመጣል። ከጋሽ ማርቆስ ጋር ከአዳኞቹ ዘመን ጀምሮ ወዳጆች ናቸው፤ ወዳጅነታቸውም ዝም ብሎ የአፍ አይደለም፣ እንደ አገሩ ወግ በከብት የታሰረ ነው። ጋሽ ማርቆስ ከተማ ውስጥ ላም የሚያሰማራበት ስለሌለው ላሙን ኦይታ ጋ አኑሯል። ኦይታ ዳቦ ቤቱ ሲመጣ አግዳሚው ላይ አይቀመጥም፤ ይዟት የሚዞረውን ባለ አንድ እግር በርኩማ በሩ ላይ አስቀምጦ እሷ ላይ ነው የሚቀመጠው። የዚያን ቅዳሜ የእኔንና የጋሽ ማርቆስን ክርክር እያዳመጠ ሻዩን ጠጣ። ሲጨርስ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ማርቆስ፣ ያንተ ላም የት ነው ያለው?»

«አንተ ጋ ነዋ።»

«ወተት ማን ይጠጣል?»

«አንተ። ልጆችህ።»

«እኔ ሌባ ነኝ?» አለ ኦይታ።

ጋሽ ማርቆስ ደነገጠ። «ኧረ ምን ነካህ! የጠባቂ ወተት አይደለም እንዴ?»

«እሺ። ጥጃ ሲወለድ እኔ እወስዳለሁ?»

«አትወስድም። ትነግረኛለህ።»

«እሺ። ፈረንጅ ላም ሰጠህ። አንተ ሣር ታበላለህ፣ ውሃ ታጠጣለህ፣ ወተት አትጠጣም። ላም ካልታለበ ጡቱ ያብጣል። ይታመማል። ይደርቃል። ፈረንጅ ሲመጣ ‹ማርቆስ፣ ላሜን ምን አደረግህ?› ይላል። ምን ትላለህ?»

  ጋሽ ማርቆስ ተነሥቶ እየዳበሰ ወደ ጓዳ ገባ፤ እጁን ሲታጠብ የውሃው ድምፅ ይሰማናል። እስከ ክርኑ ታጥቦ ወጣና አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከጓዳ ይዞ የወጣውን ጥቅልል ፈቶ ሰዓቷን አወጣ። በጣቱ ማንሸራተቻዋን ፈልጎ ገፋት።

አሥር ጊዜ በወፍራሙ ደወለች። ከዚያ ወፍራምና ቀጭን አንድ ጊዜ። ከዚያ ቀጭኑ ጥቂት።

ሚስተር ዋልተር በፈረንጅ አቆጣጠር ነው ያስተካከላት፣ እኔም አልለወጥኩባትም፤ ጋሽ ማርቆስ ደግሞ ለፈረንጅ ምሳ ሲያደርስ ዕድሜውን ሙሉ ሲያመሳስል የኖረ ሰው ነው። «አሥር ብላለች» አለ። «አራት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ዳቦው! ሩት፣ ዳቦውን አውጪ!» ሩት እየሮጠች ሄደች። የዚያን ቀን ዳቦ እንዴት አምሮ እንደወጣ! ጋሽ ማርቆስ ሰዓቷን ጉልበቱ ላይ ይዞ ይስቃል፣ እንባው ግን ይወርዳል። ኦይታ ጎንበስ ብሎ አያትና «ትንሽ ናት። ግን ወተት አላት» ብሎ በርኩማውን አንሥቶ ገበያው ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ክፉ ዓመታት ነበሩ፤ ጦርነት፣ አፈሳ፣ የእናቶች ለቅሶ። ያቺ ዳቦ ቤት ግን ትዝ ስትለኝ ደስ ይለኛል። ጋሽ ማርቆስ ሲያስፈልገው ብቻ ነበር የሚያስደውላት፤ ለዳቦው፣ ለጸሎት ቤቱ፣ ለአውሮፕላኑ። ልጆች አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብለው ሲለምኑት «ለጨዋታ አይታለብም» ይላቸዋል። ስለዚህ ልጆቹ ዳቦው የሚወጣበትን ጊዜ ጠብቀው ደጁ ላይ ይሰበሰባሉ። አላፊ አግዳሚው ቆም ይላል። እሱ ቆጥሮ ጮክ ብሎ ይናገራል፣ ባለሱቆቹም በእሱ ይከፍታሉ ይዘጋሉ። ስንት ሰዓት ነው እያለ ሰውን ሲለምን የነበረው ሰው አሁን ለሰው የሚነግር ሆነ። አውሮፕላን ሲመጣ ግን እንደ ድሮው ይወጣል። ዓይኑ ስለማያይ እኔ ወይም ሩት አጠገቡ ቆመን የሚወርዱትን እንነግረዋለን። «ወታደር ነው፣ ነርስ ናት፣ ነጋዴ ነው» እንለዋለን። የመጨረሻው ሰው ሲወርድ አንገቱን ነቅነቅ አድርጎ ይመለሳል።

መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ወራት ውስጥ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን አረፈች። ሩት እጁን ይዛለች፣ እኔም ነበርኩ። ከወረዱት መካከል አንዲት ጎልማሳ ፈረንጅ ሴት ነበረች። ዘበኛውን አንድ ነገር ጠየቀችው፤ ዘበኛው ዘወር ብሎ ወደ እኛ አመለከተ። ስትመጣ ከአፏ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «ማርቆስ?» የሚል ነው።

የሚስተር ዋልተር ልጅ ናት። እኔ አስተረጎምኩ። አባቷ ከሦስት ዓመት በፊት አርፏል፤ የተጓዘበትን አገር ለማየት ነው የመጣችው። ጋሽ ማርቆስ ሲሰማ ባርኔጣውን አወለቀ። ንጉሥ የሞተ ያህል ነው ያከበረው። ከዚያ እኔን የገረመኝን ነገር ጠየቀ።

«ልጁ መሆኗን በምን አውቃለሁ? አባቷ ጠዋት ከእኔ እጅ ምን ነበር የሚበላው? በላት።»

እኔ አፍሬ ተረጎምኩ። ሴትየዋ ግን አልተቀየመችም፣ ሳቀች። አባቷ ሁልጊዜ የሚያወራላቸው ከኩይሳ ውስጥ ስለሚወጣ ዳቦ እንደነበር ነገረችን። ጋሽ ማርቆስ ቆላ ላይ ኩይሳ ቦርቡሮ ምድጃ ያደርግ ነበር። አባቷ ሲያወራው ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር አለች፤ ከዳቦው ይልቅ ደግሞ በሰዓቱ ነበር የሚስቁበት። «እንዲያ ያለች ሰዓት በረሃ ለወጥ ቤት ሰጥተህ መጣህ?» ይሉታል። እሱም «ማርቆስ ጋ ነች» ይላል፣ ሌላ አይጨምርም።

ጋሽ ማርቆስ ይህን ሲሰማ ፊቱን ሁሉ ደስታ ሞላው። ሰዓቷን አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣት። «ንገራት መምህሬ፤ ዓይኔ ሲጠፋ ድምፅዋን ሰምቻለሁ። ወዳጄ ኦይታ ይህ የጠባቂ ነው ብሎኛል። ስህተት ከሆነ ይቅር በይኝ በላት።»

እሷ ማልቀስ ጀመረች። ይዘሃት ቅር፣ አባቴም ቢሆን ይሰጥህ ነበር አለችው። እኔም በልቤ ተቀበል፣ ተቀበል እላለሁ። ጋሽ ማርቆስ እጁን ወደ ኋላው አደረገ።

«ለዓይኔ አዝና ነው የምትሰጠኝ። አባቷ የሰጠኝ ዓይኔ ጤነኛ ሳለ ነው፣ አምኖኝ ነው። ያኛው ይበቃኛል።»

ሴትየዋ ማንሸራተቻዋን ገፋች። ጋሽ ማርቆስ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ ቆጠረ። ከዚያ ሰዓቷን ይዛ ከመንገደኞቹ ጋር ወደ አውሮፕላኗ ተመለሰች፤ ወደ ኦሞ ቆላ ያልፉ ነበር።

ከተማው ተቆጣ። ባለሱቆቹ ሞኝ አሉት። ሩት ሁለት ቀን አላናገረችውም። እሱ ግን እፎይ ያለ ይመስል ነበር። በሳምንቱ የአውሮፕላን ድምፅ ተሰማ። እንደልማዱ ከምድጃው ተነሣና እጁን መታጠብ ጀመረ። መሀል ላይ ቆመ። ውሃው ከክርኑ ይንጠባጠባል።

«መምህሬ» አለኝ፣ «እንግዲህ አውሮፕላን ሲመጣ ማንን ብዬ ልውጣ?»

ሕይወቴን ሙሉ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። እጁን ይዤ ሜዳው ወሰድኩት። የሚወርዱትን አንድ በአንድ ነገርኩት። ማንንም አንጠብቅም ነበር።

ወሩ ሳያልቅ ለእኔም ዝውውር መጣልኝ፤ አዲስ አበባ። የምሄድ ቀን ጠዋት ካፖርቴን ይዤ ዳቦ ቤቱ ገባሁ። ከአገሬ ከደብረ ብርሃን ይዤው የመጣሁት ወፍራም የሱፍ ካፖርት ነው፤ ጂንካ ውስጥ አንድ ቀን ለብሼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ ይህ አንተ ጋ ይቆይልኝ።»

በእጁ ዳበሰው። ኮሌታውን፣ ቁልፎቹን፣ ገበሩን። «ወደ ብርድ አገር እየሄድክ ካፖርትህን ትተዋለህ?» አለኝ።

«ስመለስ እወስደዋለሁ።»

  እጁን ታጥቦ መጣና በጥንቃቄ አጣጥፎ ወሰደው። በኋላ ደጋግሜ ጂንካ ሄጃለሁ፤ በሄድኩ ቁጥር ሜዳው ላይ ቆሞ አገኘዋለሁ። «ካፖርትህን ልስጥህ?» ይለኛል። «ትንሽ ይቆይ» እለዋለሁ። ፈገግ ይላል። ሁለታችንም የምናውቀውን አንናገረውም።

ያን ቀን ከጫማ ሱቁ ደረጃ ተነሥቼ ቤት እንደገባሁ ለሩት ደወልኩ። ተላቀስን። ከዚያ እንዲህ ስትል ነገረችኝ። በመጨረሻው ሳምንት ብርድ ብርድ ይለው ነበር። ብርድ ልብስ ቢደራርቡለትም አልሞቀው አለ። አንድ ማታ «የመምህርን ካፖርት አምጪልኝ» አላት። እሷ ደነገጠች፤ አባቷ በሕይወቱ የሰው ነገር ለብሶ አያውቅም። «አባዬ፣ የሰው ነው እኮ» አለችው። «አውቃለሁ። እሱ አይቀየመኝም» አላት። ለብሶት ነው ያረፈው።

«ጋሼ፣ ካፖርትህ አሁን ሳጥኑ ላይ ተቀምጧል» አለችኝ። «ሰሞኑን አጥበን በሰው እንልክልሃለን።»

«አትጠቡት» አልኳት። «ራሴ መጥቼ እወስደዋለሁ።»